ታማሚዋን ማን ተቀበላት?



ሰው ታሞ ሲድን «ሐኪሙ አዳነው» እንላለን። ምስጋናው ባይከፋም፣ አንድ ሐኪም ብቻውን ያዳነው ሰው በሥራ ዘመኔ አላየሁም። በካፋ ገጠር አንዲት እናት ምጥ ሲጠናባት ስንት እጅ እንደሚነካት እንቁጠር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እርግዝናዋን ከመጀመሪያው ታውቃለች። የሰፈር ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው ጭቃውን ያሻግሯታል። ጤና ጣቢያ አዋላጇ ትቀበላታለች። ነገሩ ከአቅም በላይ ሲሆን የአምቡላንስ ሹፌሩ ቦንጋ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ያደርሳታል። እዚያ ደግሞ ካርድ ክፍሉ፣ ነርሷ፣ ላቦራቶሪው፣ ፋርማሲው፣ ማደንዘዣ ሰጪው፣ ሐኪሙ አለ።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። በሕክምና ግን ሎሚው አንድ ነው፤ ሃምሳው ሰው እየተቀባበለ ያደርሰዋል። ሁሉም ጎበዝ ቢሆን እንኳ፣ አንዱ ለሌላው ሲያቀብል ካመለጠው ሎሚው ይወድቃል።

ከዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ሆስፒታል ተረኛ ሳለሁ፣ ከወለደች በኋላ ደም አልቆም ያላት ወጣት እናት በሌሊት መጣች። እየመጣች መሆኑን ቀድሞ ደውሎ የነገረን የለም። የሪፈር ወረቀቱ «ደም መፍሰስ» ከማለት በቀር ምን መርፌ፣ በስንት ሰዓት እንደተሰጣት አይናገርም። ሐኪሙ ከሌላ አካባቢ የተመደበ ልጅ ነው፤ እኔም ያኔ ለካፋ አዲስ ነበርኩ። አማቷ አንድ ነገር በካፊኖኖ ደጋግመው ይናገራሉ። እኔ ለግሉኮስ ደም ሥር እፈልጋለሁ። በዚህ መሀል ኮሪደሩን የምትወለውለው የጽዳት ሠራተኛ ብቅ አለችና «እንግዴ ልጁ ተቆርጦ ነው የወጣው፣ ሙሉ አልነበረም እያሉ ነው» አለች።

ሐኪሙ ወዲያው ማህፀኗን መርምሮ የቀረውን አወጣ፤ የላቦራቶሪው ባለሙያ ደም አዘጋጀ፤ እናቲቱ ተረፈች። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ጤነኛ የነበረችን እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድላት ይችላል። የዚያን ሌሊት ጊዜ ያተረፈችልን ደመወዟ ከሁላችን ያነሰው ሴት ነበረች። ሐኪሙም ሊመሰገን ይገባዋል፤ «አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አላላትም።

ተባብሮ ማከም ለአገራችን አዲስ ትምህርት አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ጎን ለጎን ያሠለጥን ነበር፤ ልምምድም በቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር። አንዱ ያክማል፣ አንዷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፣ ሌላው ውሃውንና መጸዳጃውን ያያል። ተቅማጥ ይዞት የታከመ ልጅ ወደዚያው ወደ ቆሸሸው ምንጭ ከተመለሰ እንደገና ይታመማላ! በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ ይህንኑ ሥራ እስከ ደጃፋችን አመጣው።

እናንተ ወላጆችና አያቶችም የዚህ ቡድን አባላት ናችሁ። ሹፌሩ ይመለሳል፣ ተረኛው ይቀየራል፤ ከቤት እስከ ሆስፒታል ከታማሚው የማይለየው ቤተሰብ ብቻ ነው። ስለዚህ ካርዱን፣ የሪፈር ወረቀቱንና የተሰጠውን መድኃኒት በአንድ ከረጢት ያዙ። ያያችሁትን የሚናገር አንድ ሰው ከመካከላችሁ ምረጡ፤ አሥር ሰው ሲናገር አንዱም አይሰማም። ቤት ውስጥ የባህል መድኃኒት ተሰጥቶ ከሆነ ሳታፍሩ ተናገሩ፤ ሐኪሙ የሚጨምረው መድኃኒት ከእሱ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ቋንቋ ካልተግባባችሁ «የሚያስተረጉም ይጠራልን» በሉ፤ ይህ መብታችሁ ነው።

ከጤና ጣቢያ ስትላኩ «እዚያ ማን ይቀበለናል? ተደውሏል ወይ?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ድነው ሲመለሱም የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠርታችሁ ወረቀቱን አሳዩአት። ታማሚው ቤት ከገባ በኋላ የምትከታተለው እሷ ናት፤ ካልነገራችኋት ግን መመለሱንም አታውቅም።

ለሙያ ልጆቼም አንድ ቃል አለኝ፦ ታማሚ ስትረከቡ «ምን ተደረገላት፣ ምን ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከአማቷም፣ ከጽዳት ሠራተኛዋም ሊመጣ ይችላል።