የሐላል ዋጋም ይጠየቃል

 

የቤት ብድር ወለድ ወሬ ሲነሳ ብዙዎቻችን «እሱ የሪባ ጉዳይ ነው፤ እኛን አይመለከትም» ብለን እናልፈዋለን። ከሪባ መራቃችን ትክክል ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ 275ኛው አንቀጽ ንግድን ሐላል፣ ሪባን ሐራም አድርጓል፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ከወለድ ሸሽተን በሙራበሃ ቤት ስንገዛ የምንከፍለው ትርፍ ተገቢ መሆኑን ማን ይጠይቅልናል? ባንኮች ካልተፎካከሩ፣ የሕዝብ ተወካዮችም ካልጠየቋቸው፣ ውሉ ሐላል ስለሆነ ብቻ ዋጋው ፍትሐዊ አይሆንም።

ጉዳዩ ለወጣቱ ቀላል አይደለም። ኒካሕ ሲታሰብ ቶሎ የሚነሳው ጥያቄ «የት ትኖራላችሁ?» የሚለው ነው። ለኪራይ የሚወጣው ገንዘብ ስንቱን ትዳር እንዳዘገየ ሁላችንም በየሰፈራችን እናያለን። የባንክ ዋጋ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ምን እንደሚያስከትል በቁጥር እንየው። 2 ሚሊዮን ብር በ15 ዓመት በየወሩ እኩል ተከፍሎ የሚያልቅ ቢሆንና በዓመት 15 በመቶ ቢታሰብበት፣ ወርሃዊ ክፍያው ወደ 27,990 ብር ነው። በ16 በመቶ ሲሆን ወደ 29,370 ብር ይደርሳል። የአንድ በመቶ ልዩነት በ15 ዓመት ውስጥ ወደ 249 ሺህ ብር ይሆናል ማለት ነው። የሙራበሃ ትርፍም አብዛኛውን ጊዜ «በዓመት ስንት በመቶ» እየተባለ ስለሚሰላ ልዩነቱ እኛንም ያገኘናል።

ባንክን በሕዝብ ፊት መጠየቅ ምን ይፈይዳል ለሚል ከአውስትራሊያ የምንማረው አለ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2016 የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ መሠረታዊ የወለድ ምጣኔውን ከ1.75 ወደ 1.50 በመቶ ዝቅ አደረገ። ከቤት ብድሩ 80 በመቶ ገደማ የያዙት አራቱ ታላላቅ ባንኮች፣ ማለትም ኮመንዌልዝ፣ ዌስትፓክ፣ ኤንኤቢ እና ኤኤንዜድ፣ ለቤት ተበዳሪው ያስተላለፉት የቅናሹን ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ሕዝቡ አጉረመረመ። በወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማልኮልም ተርንቡል የባንኮቹ ዋና ሥራ አስፈጻሚዎች በየዓመቱ በተወካዮች ምክር ቤቱ የኢኮኖሚ ቋሚ ኮሚቴ ፊት ቀርበው እንዲጠየቁ አደረጉ። በኦክቶበር 2016 አራቱም ተራ በተራ ቀረቡ።

ባንኮቹ የራሳቸው መልስ ነበራቸው። «ገንዘብ የምናገኝበት ወጪ ከማዕከላዊ ባንኩ ምጣኔ ጋር ብቻ አይወርድም፤ ለአስቀማጮች የምንከፍለውንም ጨምረናል» አሉ። ኮሚቴው ግን በኅዳር ባወጣው ሪፖርት በዘርፉ በቂ ፉክክር እንደሌለ ገለጸ። ቀጥሎ የአገሪቱ የውድድርና ሸማቾች ኮሚሽን የቤት ብድር ዋጋን መረመረ። በማርች 2018 ያወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት የሚያስገርም ነገር ይዞ ነበር። አዲስ ደንበኛ ለመሳብ ቅናሽ ይሰጣል፤ ታማኙ የድሮ ደንበኛ ግን በአማካይ እስከ 0.32 በመቶ ነጥብ የበለጠ ይከፍላል። በ375,000 ዶላር ብድር ላይ ይህ በዓመት ወደ 1,200 ዶላር ነው። የቅናሹ አሠራር ድብቅ ስለሆነ ሰው ዋጋ ማወዳደር እንደሚያቅተውም ኮሚሽኑ ገለጸ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ምክር ቤቱ የወለዱን መጠን አልወሰነም። የሠራው ሥራ ዋጋው ለምን እንዲህ እንደሆነ በአደባባይ ማስረዳትን ግዴታ ማድረግ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በመዲና ዋጋ በተወደደ ጊዜ ሰዎች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ዋጋ ይተምኑልን ብለው ጠየቋቸው፤ እሳቸው ግን አልተመኑም። ይሁንና ገበያውን ዝም ብለው አልተውትም። በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ሲያገኙ ሻጩን ጠይቀውታል፤ እርጥቡ ከላይ ሆኖ ገዢ እንዲያየው ማድረግ እንደነበረበትም ነግረውታል። ከገጠር የሚመጣን ነጋዴ፣ ገበያ ደርሶ ዋጋ ሳያውቅ፣ መንገድ ላይ ጠብቆ መግዛትንም ከልክለዋል። ሸቀጥ አከማችቶ ዋጋ ማስወደድም የተወገዘ ነው። በኋላም ሙሕተሲብ የሚባል የገበያ ተቆጣጣሪ በሙስሊሙ ዓለም የታወቀ ሹመት ሆነ። መርሁ ግልጽ ነው። ዋጋው በገበያ ይወሰን፤ ገዢው ግን እንዳይሸወድ ክምሩ ይፈተሽ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በመስኮት ደረጃ የተፈቀደው በ2004 ዓ.ም. ነው። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ እንዲቋቋም የተፈቀደው ደግሞ በ2011 ዓ.ም.። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ዘምዘም፣ ሂጅራ፣ ሸበሌና ራሚስ ሥራ ጀምረዋል፤ አልሐምዱሊላህ። ይህ የብዙ ሰዎች ድካምና ዱዓእ ውጤት ነው። ነገር ግን የገቡበት ገበያ ጠባብ ነው። ከባንኮች ተቀማጭ ገንዘብ ግማሽ ገደማውን የያዘው አንድ ባንክ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው። ለቤት ብድር ተብሎ የተቋቋመው የቀድሞው ቤቶችና ቁጠባ ባንክ ስሙን ቀይሮ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ከሆነ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. ከንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። ጎሕ ቤቶች ባንክ በ2014 ዓ.ም. ሥራ እስኪጀምር ድረስ አገሪቱ በቤት ብድር ላይ ብቻ የሚሠራ ባንክ አልነበራትም።

ፉክክሩን የሚያጠብ ሌላም ነገር አለ። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ፤ በኋላ ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። ዓላማው የዋጋ ንረትን መግታት ነበር። ስሌቱ ግን ትንሹን ባንክ ይጎዳል። በ14 በመቶ ገደብ 100 ቢሊዮን ብር ብድር ያለው ባንክ 14 ቢሊዮን መጨመር ሲችል፣ 5 ቢሊዮን ያለው መጨመር የሚችለው 700 ሚሊዮን ብቻ ነው። አዲስ ባንክ ትልቁን በዚህ መንገድ ሊደርስበት አይችልም። የሚያበድረው ገንዘብ ሲወሰንበት ደግሞ ቶሎ የሚመለሰውን የንግድ ፋይናንስ ማስቀደም ይቀናዋል፤ 15 ዓመት የሚቆየው የቤት ፋይናንስ ወደ ኋላ ይቀራል።

ስለዚህ ተወካዮቻችን ሥራ አላቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል። ምክር ቤቱ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅም ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ፉክክር ይመጣል ተብሎ በር ከተከፈተ በኋላ፣ ፉክክሩ በእርግጥ መምጣቱን መከታተልም የምክር ቤቱ ድርሻ ነው። በቋሚ ኮሚቴው ፊት እንዲነሱ የምንፈልጋቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦

1. ባንኮች የቤት ብድር ወለዳቸውንና የቤት ሙራበሃ ትርፋቸውን ሰው ሊያወዳድረው በሚችል አንድ ዓይነት መንገድ ለምን በይፋ አያወጡም?

2. በወዲዓ የሚቀመጥ ገንዘብ ለአስቀማጩ ወለድ አይከፈልበትም። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. የቁጠባ ወለድን ዝቅተኛ ወሰን 7 በመቶ ሲያደርግ፣ ይህ ወጪ ወዲዓን አልነካም። ታዲያ በነፃ የተገኘው ገንዘብ ጥቅሙ በቤት ዋጋ ላይ ይታያል? ካልታየስ ወዴት ሄደ?

3. የብድር ገደብ የመሰሉ መመሪያዎች ሲወጡ ለአዲስና ለትንንሽ ባንኮች ምን ታስቧል?

4. በመደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት የሚሰበሰበው ገንዘብ ምን ያህሉ ተመልሶ ለመስኮቱ ደንበኞች ፋይናንስ ይውላል?

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሱ እናውቃለን። አንደኛው «የወለድ ባንኮች ጉዳይ ምን አገባን?» የሚል ነው። በሪባ ውስጥ መግባት ሌላ፣ የገበያው ዋጋ እኛ ላይ መድረሱ ሌላ ነው። ከወለድ ነፃ ባንክ ትርፉን ሲተምን ጎረቤቱ ያለው ባንክ ስንት እንደሚያስከፍል ያያል። እዚያ ፉክክር ከሌለ እዚህም ዋጋ የሚወርድበት ምክንያት አይኖርም።

ሁለተኛው «የራሳችንን ባንኮች ገና ሳይጠነክሩ መጠየቅ ጠላት ማስደሰት ነው» የሚል ነው። ይህን የሚሉት ለባንኮቹ ከማሰብ እንደሆነ ይገባናል። አዲስ ባንክ ቅርንጫፍ ይከፍታል፣ ሠራተኛ ያሠለጥናል፣ የብሔራዊ ባንክን የካፒታል መስፈርት ያሟላል፤ ይህ ሁሉ ወጪ ነው፤ ወጪውን ደግሞ ከትርፉ መሸፈኑ አይቀርም። ይህን በቁጥር ካስረዱን እንረዳለን። ነገር ግን የሙስሊሙ ማኅበረሰብ ለእነዚህ ባንኮች የሰጠው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን አማናውንም ነው። የሸሪዓ አማካሪ ኮሚቴው ውሉ ሐላል መሆኑን ያረጋግጥልናል፤ ዋጋው ውድ ወይም ርካሽ መሆኑን ማመዛዘን ግን ዋና ሥራው አይደለም። ያ ክፍተት መሞላት አለበት። ወንድምን በቅን ልብ መጠየቅ ነሲሓ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ? ባንክ ስንሄድ «በወር ስንት እከፍላለሁ?» ብለን አንመለስ። ባንኩ ቤቱን በስንት ገዛው? በስንት ይሸጥልናል? ጠቅላላ ትርፉ በብር ስንት ነው? ቀድመን ከከፈልን ከትርፉ ይቀነስልናል ወይ? ብንዘገይ የሚጠየቀው ቅጣት የት ይገባል? እነዚህን ቢያንስ በሁለት ባንክ ጠይቀን እናወዳድር። አክሲዮን ያለን ደግሞ በጠቅላላ ጉባኤ እጃችንን እናውጣ። የመረጥነውን ተወካይ ስናገኝም ስለ መንገድና ስለ ውኃ እንደምንጠይቀው ስለ ቤት ፋይናንስም እንጠይቀው።

ከወለድ ነፃ ባንክ እንዲኖረን ለዓመታት ጠይቀን፣ በአላህ ፈቃድ አገኘን። አሁን የቀረው ደመወዝተኛው ወጣት ቤት የሚገዛበት ባንክ እንዲሆን መጠየቅ ነው።

አላህ ሐላል ሲሳይ፣ ሰፊ ቤትና የተረጋጋ ትዳር ይወፍቀን። በገንዘባችን ላይ የተሾሙትንም አማናቸውን የሚወጡ ያድርግልን። ኣሚን! ወላሁ አዕለም።