ስለ ኳስ ጨዋታ የሚጻፍ ፍንጭ

መስቀለኛ ቃላት፣ አርተር ዊን እ.ኤ.አ. በ1913 በኒውዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ካወጣው ወዲህ በየአገሩ ቋንቋ የተባዛ የአእምሮ ጨዋታ ነው፤ ብዙ አንባቢ ለጊዜ ማሳለፊያ ቢቈጥረውም፣ ፍንጩን የሚጽፈው ሰው ግን የአንድን ነገር ጠባይ በጥቂት ቃል ወስኖ የሚያስረዳ እንደ መሆኑ መጠን፣ ሥራው ከመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሥራ የሚለየው በመጠን እንጂ በዐይነት አይደለም ብዬ አምናለሁ። በመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ተጀምሮ፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን የደከሙበት፣ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ እጅ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት የበቃው የግእዝ መዝገበ ቃላት፣ ቃልን መፍታት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚሻ ምስክር ነው።

ስለ ኳስ ጨዋታ የሚጻፈው ፍንጭ ግን ይህ ጥንቃቄ ሲጐድለው አያለሁ። «የኳስ ጨዋታ ዐይነት» ብሎ አራት ሣጥን መስጠት ለፈቺው ምንም አለመስጠት ነው፤ «የእንግሊዝ ክለብ» ብሎ መጠየቅም ትዝታን እንጂ ማስተዋልን አይፈትንም። አበው በእንቆቅልሽ ሲጫወቱ የነገሩን ስም ሰውረው ግብሩን ይገልጹ ነበርና፣ የኳስ ፍንጭም ከሜዳው ግብር ሊነሣ ይገባዋል። ለምሳሌ «ጴጥሮስና እንድርያስ ትተውት የሄዱት፣ አጥቂ ግን የሚያናውጠው» ተብሎ ሦስት ሣጥን ቢሰጥ፣ ወንጌል የሰማው ከገሊላ ባሕር ዳር፣ ኳስ ወዳዱም ከግቡ በስተኋላ ተነሥተው «መረብ» በሚለው ቃል ላይ ይገናኛሉ። ስለ ቅርጫት ኳስም፣ ጄምስ ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1891 በስፕሪንግፊልድ የኮክ ቅርጫት ሰቅሎ ሲያጫውት ቅርጫቱ ቂጡ ያልተቀደደ ስለ ነበረ ኳሷ በገባች ቍጥር ወጥቶ የሚያወርዳት ሰው ያስፈልግ እንደ ነበር የሚያውቅ ጸሓፊ፣ ከዚህ ብቻ ስንት ፍንጭ ያወጣል!

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው «ከጨዋታ ውጪ» የተባለው ነው። ይህን «ከመጨረሻው ተከላካይ አልፎ የቆመ» ብሎ መፍታት ለጆሮ ቢጥምም እውነቱን ያጐድላል። ሕጉ የሚመለከተው የቡድን ጓደኛው ኳሷን በነካበት ቅጽበት በተጋጣሚው የሜዳ አጋማሽ ሆኖ፣ ከኳሷም፣ ከመጨረሻው ሁለተኛ ከሆነው ተጋጣሚም ይልቅ ለግቡ መስመር የቀረበውን ተጫዋች ሲሆን፣ ከእነዚህ ከሁለቱ የመጨረሻ ተጋጣሚዎች አንዱ በረኛው ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ስፍራ መቆምም ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ኳሷ ከእጅ ውርወራ ወይም ከማዕዘን ምት በቀጥታ ብትደርሰውም አይቀጣም። እ.ኤ.አ. በ1925 ይጠየቁ የነበሩት ሦስት ተጋጣሚዎች ወደ ሁለት ሲወርዱ የአጥቂውም የተከላካዩም አሰላለፍ ተለውጧልና፣ አንዲት ቍጥር በትርጓሜ ውስጥ ምን ያህል እንደምትከብድ ከዚህ ይታያል። ይህ ሁሉ በፍንጭ እንደማይሰፍር አላጣሁትም፤ ነገር ግን «በጊዜም በስፍራም የሚመዘን የአጥቂ ጥፋት» ቢባል፣ ቃሉ አጭር ሆኖ ሳለ ሐሰት የለበትም።

የፊደላችንም ጠባይ የራሱ ሕግ አለው። እያንዳንዱ ሣጥን ተነባቢውን ከነአናባቢው ስለሚይዝ፣ «ኳስ» በሁለት ሣጥን ተቀምጦ «ኳ»ን የሚጋራው ቃል ሲፈለግለት፣ ታንኳ፣ እንኳን፣ አንኳኳ ከተባለ በኋላ የሚቀረው ጥቂት ነው። «ፍጹም ቅጣት ምት»ንም አንዱ በጸሎቱ ጸ፣ ሌላው በፀሐዩ ፀ ቢጽፈው፣ የሚያቋርጠው ቃል ስለሚፈርስ፣ አዘጋጁ አንዱን አጻጻፍ መርጦ በገጹ ራስ ላይ ማስታወቅ ይገባዋል።

የገና ጨዋታም ከዚህ ገጽ መቅረቱ አግባብ አይደለም። እረኞች የጌታን ልደት ሰምተው በደስታ በበትራቸው እንደ ተጫወቱ በትውፊት የሚነገርለት ይህ ጨዋታ፣ የራሱ በትር፣ የራሱ ኳስ፣ የራሱም ግስ ያለው ነውና፣ «በልደት ሰሞን በቆልማማ በትር የምትለጋ» ተብሎ ሁለት ሣጥን ቢሰጥ፣ «ሩር» የሚለውን መልስ ያላወቀ ፈቺ የሚማረው ነገር ያገኛል። የዝግጅት ክፍሎችም መልሱን በሚቀጥለው ዕትም ሲያወጡ፣ ለእንዲህ ያለው ቃልና ለአከራካሪው ፍንጭ አንዳንድ መስመር ማስረጃ ቢጨምሩለት፣ ቦታው አይጠብባቸውም።