ጆሮ ጠቢው ባል

እኔ የምለው፣ ሚስቱን የሚሰልል ባል የሚያስቀን ለምንድን ነው?

ነገሩ የተነሳው ከአንድ ወዳጄ ሳሎን ነው። በቅርቡ አራት አምስት ሆነን ተሰብስበን «ትሩ ላይስ» የተባለውን የ1994 እ.ኤ.አ. ፊልም እንደገና አየን። ጄምስ ካሜሮን ያዘጋጀው፣ አርኖልድ ሽዋዚንገር የተወነበት ነው። ያኔ ካሴቱን ተከራይተን ስናየው ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። አሁንም ሳቅን። የወዳጄ ባለቤት ግን የቡናውን ረከቦት እንደያዘች ቆም ብላ፣ «ቆይ፣ ይሄ እኮ ምርመራ ነው! ምኑ ነው የሚያስቀው?» አለች። ባሏም፣ «አንቺ ደግሞ፣ ፊልም እኮ ነው!» ብሎ ዘጋት።

ፊልም ነው። እስቲ ፊልሙን እንየው።

ሄሪ ሰላይ ነው። ሚስቱ ሄለን ግን የኮምፒዩተር ነጋዴ ያገባች ነው የሚመስላት። ምሽት ይቀራል፣ ይዋሻል፣ የልደቱ ራት ላይ እንኳን አይደርስም። ሴትዮዋ ሕይወት ይሰለቻትና ሰላይ ነኝ ከሚል አንድ ወሬኛ የመኪና ሻጭ ጋር መገናኘት ትጀምራለች። ልብ በሉ፣ ሰውየው የሚዋሸው ባሏ በእውነት የሆነውን ነው! እዚህ ድረስ ድንቅ ኮሜዲ ነው።

ከዚህ በኋላ ሄሪ ምን ያደርጋል? እንደ ሰው «ምን ሆነሻል?» ብሎ አይጠይቅም። የመንግሥትን መሣሪያና የሰው ኃይል ይዞ ስልኳን ይጠልፋል፣ ያስከትልባታል፣ በታጠቁ ሰዎች ያስይዛታል። ባዶ ክፍል ውስጥ ያስቀምጥና ከአንድ ወገን ብቻ ከሚያሳይ መስታወት ጀርባ ሆኖ፣ ድምፁን በማሽን ቀይሮ «ባልሽን ትወጂዋለሽ?» እያለ ይመረምራታል። «ወይ ለእኛ ትሠሪያለሽ ወይ ወኅኒ ትወርጃለሽ» ትባላለች። ከዚያም ሆቴል ክፍል ድረስ ያስመጣትና እሱ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ፣ ማን እንደሆነ በማታውቀው ወንድ ፊት ያስጨፍራታል።

እናላችሁ፣ የሳቅንበት ይሄ ነው።

የስለላ ፊልምና የትዳር ኮሜዲ መቀላቀላቸው አይደለም ያናደደኝ። እንዲያውም ይስማማሉ፤ በሁለቱም ውስጥ ሰው ይደበቃል፣ ይጠረጠራል፣ ይጋለጣል። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሚስተር ኤንድ ሚሲዝ ስሚዝ» ይህንኑ ቅልቅል ይዞ መጥቷል። እዚያ ግን ሁለቱም ይዋሻሉ፣ ሁለቱም ታጥቀዋል። ቤታቸውን አፍርሰው ሲያበቁ ፍርስራሹ መሀል ቁጭ ብለው እውነቱን ያወራሉ። ቢያንስ ግጥሚያው እኩል ነው። «ትሩ ላይስ» ላይ ግን መስታወቱም፣ መቅረጫውም፣ መንግሥቱም የአንድ ሰው ናቸው። ሄሪ ለሚስቱ እውነቱን የሚነግራት መቼ መሰላችሁ? ጠላቶቹ እውነት የሚያናግር መርፌ ሲወጉት! ፊልሙ ታዲያ ይቅርታ አያስጠይቀውም፤ ሄለንንም ሰላይ አድርጎ «በሉ ተስማሙ» ይላል። በደሏ በሥራ ቅጥር ተካሰ ማለት ነው።

«ፊልም ነው» ለሚለኝ፣ ፊልም ያልሆነውን ልንገረው። የምሥራቅ ጀርመን የስለላ ድርጅት የሽታዚ መዛግብት በ1992 እ.ኤ.አ. ለተሰለሉት ሰዎች ሲከፈቱ፣ የፓርላማ አባል የነበረችው ቬራ ቮለንበርገር ፋይሏን አገላብጣ ስታይ ጆሮ ጠቢዋ የገዛ ባሏ ሆኖ አገኘችው። የልጆቿ አባት፣ በሌላ ስም ስለ እሷ ሪፖርት ሲያደርግ ኖሯል። ማንም አልሳቀም። ፈታችው። ፊልሙ የወጣው ከዚህ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

በእንግሊዝም ስማቸውን ቀይረው ተቃዋሚዎች መሀል የገቡ ፖሊሶች ከሴቶች ጋር የፍቅር ሕይወት መሥርተው ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የለንደን ፖሊስ ለሰባት ሴቶች በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ያ የፍቅር ሕይወት የሴቶቹን ሰብዓዊ መብትና ክብር የጣሰ እንደነበር አመነ። ሆሊውድ ያላስጠየቀውን ይቅርታ ፖሊስ ጠየቀ!

እኛስ? «ጆሮ ጠቢ» የሚለው ቃል ከየትም ተውሰን ያመጣነው አይደለም። በደርግ ጊዜ ሰው የልቡን ለማውራት ዙሪያውን ይቃኝ እንደነበር የኖርንበት እናውቃለን። ቤት ማለት ያ ጆሮ የማይገባበት ቦታ ነበር። ታዲያ ጆሮ ጠቢን ከቀበሌ እየጠላን በመኝታ ቤት ስናገኘው «ቀናተኛ ነው፣ ስለሚወዳት ነው» ማለት ምን ይሉታል? ሚስት ባሏን ስትሰልልም ያው ነው፤ እሱንም አላመሰግንም።

ያን ምሽት ወዳጄ እስከ በር ሲሸኘኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ እኮ ስልኳን አልፎ አልፎ አያለሁ። ምንም የለም፣ እንዲያው ለልቤ ነው» አለኝ።

«እሷ ታውቃለች?» አልኩት።

«አይ፣ ምን ብዬ እነግራታለሁ!» ብሎ ሳቀ።

አልሳቅኩም። «መርፌ እስክትወጋ አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ንገራት» ብዬው ወጣሁ። እስካሁን አልደወለልኝም።