ጀጎል ውስጥ ኮንክሪቱ የሚያርፈው ምን ላይ ነው?

ስለ ጀጎል ስናወራ 82 መስጊዶችን፣ 102 የዝያራ ቦታዎችንና አምስቱን ጥንታዊ በሮች እንቆጥራለን። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት የተመሰገኑትም የሐረሪ ቤቶች ናቸው። እኔ የማነሣው ማንም የማይቆጥረውን አንድ መስመር ነው፦ አሮጌው የድንጋይ ግድግዳና አዲሱ የኮንክሪት ወለል የሚገናኙበትን።

የሐረሪ ቤት ግድግዳ ወፍራም ነው፤ ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ፣ ጣሪያው የተሸከመው በእንጨት። ቤተሰብ ይሰፋል፣ ልጅ ያገባል፣ ግቢው ግን አይለጠጥም። ስለዚህ ወደ ላይ ይወጣል። የቅርስ ተቆርቋሪዎች «መልኩ ተበላሸ» ይላሉ፤ ልክ ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን መቆሙ ነው።

መሐንዲስ እንዲህ ያለውን ቤት በፋይናይት ኤለመንት ሶፍትዌር ሲያሰላ ስሱን ወለል በሼል፣ ወፍራሙን ግድግዳ በሶሊድ ይወክላል። ችግሩ ሁለቱ አንድ ቋንቋ አለመናገራቸው ነው። የሼል ነጥብ ስድስት እንቅስቃሴ ያውቃል፤ ሦስት መንሸራተት፣ ሦስት መዞር። የሶሊድ ነጥብ የሚያውቀው ሦስቱን መንሸራተት ብቻ ነው። በአንድ ረድፍ ነጥቦች ዝም ብሎ ካገናኟቸው መዞሩን የሚይዘው የለም፤ መጋጠሚያው እንደ በር ማጠፊያ ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፦ እኩል ጭነት የተጫነበት፣ ጫፎቹ ማጠፊያ የሆኑ ወለል ጫፎቹ ከተቆለፉት ጋር ሲነጻጸር መሐሉ ላይ አምስት እጥፍ ይረግባል።

መድኃኒቱ ይታወቃል። ሼሉን ወደ ሶሊዱ ውስጥ ማስገባት፣ ወይም የሼሉን ጫፍ ከግድግዳው ውፍረት ሁሉ ጋር በሒሳብ ማሰር። በሶፍትዌሩ የአንድ ቁልፍ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ነው ጀጎል መሐንዲሱን የምታታልለው። ለኮንክሪት ሕንፃ ስህተት የሆነው ማጠፊያ፣ ለጭቃና ድንጋይ ግድግዳ ከእውነቱ የቀረበ ሊሆን ይችላል። አጥብቆ ያሰረው ሰው ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያማረ፣ ግድግዳው ላይ የሌለ ትስስር ፈጠረ ማለት ነው። ጭቃ መዞርን አይዝም። ወለሉ ሲረግብ ጭነቱ በግድግዳው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ይከማቻል፣ ጭቃው ይፈጫል፣ ግድግዳው ወደ ውጭ ይገፋል። ታኅሣሥና ጥር 2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ሲናወጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ሐረርም ከስምጥ ሸለቆው ያን ያህል አትርቅም። ያልታሰረ ከባድ ወለል በንውጥውጥ ጊዜ የተሸከመውን ግድግዳ የሚመታ መዶሻ ነው።

በቀለም ያሸበረቀ የኮምፒውተር ሥዕል ለማንም ማሳመኛ መሆን የለበትም። ጀጎል ውስጥ ፎቅ ለመጨመር ፈቃድ የሚሰጥ አካል አንድ ገጽ ብቻ ይጠይቅ፦ ወለሉ ግድግዳውን የሚነካበት ቦታ በመጠን ተስሎ፣ መሐንዲሱም ማጠፊያ ነው ወይስ ቁልፍ ያለው፣ ለምን እንዳለ ጽፎ። ከዚያ በፊት ደግሞ ልስኑን በአንድ ቦታ ፈልፍሎ ከሥሩ ያለውን ጭቃ በዓይኑ ይየው። የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።