ስለ ድብርት መድኃኒትና ስለ ትዳር ሰላም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ በሰው ሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ሕመሙን ገልጦ መድኃኒት ያገኘ ሰው፣ መድኃኒቱ ራሱ ያመጣበትን ችግር ደግሞ የሚደብቅበት ጊዜ አለ። ዛሬ ልናመለክተው የፈለግነው ጉዳይ ይኸው ነው፤ ይኸውም ለድብርት ሕመም የሚሰጡት ክኒኖች በሴቶች የፍትወት ስሜትና በባልና ሚስት መካከል ባለው መዋደድ ላይ የሚያደርሱት እንቅፋት ነው። ነገሩ በጽሑፍ ሊወጣ የማይገባው መስሎ የሚታያቸው አንባቢያን እንደሚኖሩ አንስተውም። ነገር ግን ዝምታው ትዳር እያናጋና ሕመምተኛን ከሕክምና እያራቀ ስለ ሆነ፣ ከመናገሩ ይልቅ ዝም ማለቱ የሚያሳፍር ነው ብለን እናምናለን።

ድብርት ስንል የአንድ ሰሞን ኀዘን ማለታችን አይደለም። እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ የሥራ ትጋትንና የመኖር ተስፋን ለሳምንታትና ለወራት የሚነሣ፣ አንዳንዱንም ሰው ራሱን እስከ ማጥፋት የሚያደርስ ሕመም ነው። በሀገራችን የአእምሮ ሕክምና ለብዙ ዘመን በተለይ በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ተወስኖ ኖሯል፤ ዛሬ ግን በሌሎችም ሆስፒታሎችና በጤና ጣቢያዎች ይሰጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. መጨረሻ በአሜሪካ የተፈቀደው ፍሉኦክሰቲንና ከእርሱም በፊት በሥራ ላይ የዋለው አሚትሪፕቲሊን በእኛም አገር የታወቁ ሆነዋል። በ2013 ዓ.ም. በተቋቋመው በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፣ በአያትም በሲኤምሲም በቦሌ አራብሳም፣ ከቀድሞ ሰፈሩ፣ ከዕድሩና ከጎረቤቱ ተለይቶ በአዲሶቹ ፎቆች የሚኖር ሕዝብ ብዙ ነው። በዚያ ብቸኝነት መካከል መድኃኒቱን እየወሰዱ ወደ ሥራቸውና ወደ ልጆቻቸው የተመለሱ እናቶች አሉና መድኃኒቱን ልናመሰግነው እንጂ ልንነቅፈው አልተነሣንም።

የችግሩ ምንጭ እንዲህ ነው። ከእነዚህ መድኃኒቶች የሚበዙት በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለውን ቅመም ሥራ ያበረታሉ። ሴሮቶኒን ሲበረታ ጭንቀትና ኀዘን ይረግባል፤ ነገር ግን ፍላጎትንና ደስታን የሚቀሰቅሰው ዶፓሚን የተባለው ሌላው ቅመም በዚያው መጠን ሊዳከም ይችላል። ስለዚህ ሴቲቱ ከባሏ ጋር የመገናኘት ፍላጎቷ ይቀንሳል፣ ሰውነቷ ይደነዝዛል፣ እርካታም ይዘገይባታል ወይም ጨርሶ ይቀርባታል። ወንዶችም ተመሳሳይ ችግር ይደርስባቸዋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ይህ እንቅፋት ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መታየቱ ነው፤ የመድኃኒቱ ሙሉ ጥቅም ግን የሚመጣው ዘግየት ብሎ ነው። ሕመምተኛዋ ዕዳውን አስቀድማ እየከፈለች ጥቅሙን ኋላ ትጠብቃለች ማለት ነው።

ነገሩ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስለን፣ በስጳኝ አገር የተደረገውን ምርመራ እንመልከት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. በታተመው ጥናት ሐኪሞች የድብርት መድኃኒት የሚወስዱ 344 ሰዎችን ጠየቁ። ሳይጠየቁ በራሳቸው ፈቃድ ችግሩን የተናገሩት ከመቶው 14 ብቻ ነበሩ፤ ሐኪሙ በቀጥታ በጠየቃቸው ጊዜ ግን ቁጥሩ ከመቶው 58 ደረሰ። በዚያው አገር በ2001 ዓ.ም. በ1022 ሰዎች ላይ የተደረገው ምርመራም ከሴቶቹ ከመቶው 57 የሚሆኑት ችግሩ እንዳለባቸው አሳይቷል። እንግዲህ በ14 እና በ58 መካከል ያለው ልዩነት የሚያመለክተን በሽታውን ሳይሆን ዝምታውን ነው። ስለ እነዚህ ነገሮች ከእኛ ይልቅ በግልጥ በሚነጋገር አገር ዝምታው ይህን ያህል ከሆነ፣ በእኛማ ምን ያህል ይሆን?

ዝምታው በቤት ውስጥ የሚያደርሰውን ለመረዳት አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ የሆነች ባለትዳር ሴት በሐሳባችን እንውሰድ። ሕመሟን «አብዳለች» እንዳይሏት ስለምትፈራ ክኒኑን ከባሏ ሸሽጋ ትወስዳለች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንቅልፏ ይመለሳል፣ ፊቷም ይፈካል፤ ሌሊት ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ባልየው ቀን ከሰው ጋር ስትሥቅ አይቶ ሌሊት መቀዝቀዟን ሲመለከት፣ ልቧ ወደ ሌላ ሰው የሄደ ይመስለዋል። እርሷም የመድኃኒቱን ጠባይ የነገራት ስለሌለ፣ ባሏን መውደድ የተወች ይመስላታል። ነገሩ ሲከር ሽማግሌ ይጠራል። ሽማግሌዎቹም ስለ ገንዘቡ፣ ስለ መጠጡ፣ ስለ አማቶች፣ ስለ ተነገረው ክፉ ቃል ሁሉ ይጠይቃሉ፤ ስለ ክኒኑ ግን የሚጠይቅ አይገኝም። በመጨረሻ ወይ ትዳሩ ይፈርሳል፣ ወይ እርሷ ክኒኑን በድንገት ትጥለዋለች፤ ሕመሙም ይመለሳል።

አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቻችን «ይህን አስቀድመን ብንነግራት መድኃኒቱን አትጀምረውም» ይላሉ። ይህ ክርክር አያሳምነንም። ችግሩ ከደረሰባት በራሷ ሰውነት ታውቀዋለችና ልንሸሽጋት አንችልም፤ ልንነሣት የምንችለው ምክንያቱን ብቻ ነው። ምክንያቱን ያወቀች ሴት ተመልሳ ትጠይቀናለች፤ ያላወቀችው ግን ትሸሸናለች። ሌሎች ደግሞ «ባህላችን አይፈቅድም» ይላሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ሲቋቋም ስለ ወሊድ መከላከያ መናገር እንደ ነውር ይታይ ነበር፤ ዛሬ ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየደጃፉ ያስተምሩታል፤ ባህላችንም አልፈረሰም።

ስለዚህ አስተያየታችን ይህ ነው፤ የድብርት መድኃኒት የሚያዝ ባለሙያ ሁሉ ጥያቄውን ራሱ መጀመር አለበት። መጀመሪያ፣ መድኃኒቱ ሳይጀመር ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ድብርቱ ራሱ ፍላጎትን ያጠፋልና ከመድኃኒቱ በፊት የነበረው ካልታወቀ በኋላ የመጣው አይለይም። በተጨማሪም የወሊድ ሰሞን ድካም፣ የስኳር በሽታና በግንኙነት ጊዜ የሚሰማ ሕመም መመርመር አለባቸው። በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት የሀገራችን ሴቶች ከመቶው 65 የተገረዙ መሆናቸው ስለ ተገለጸ፣ ይህም መዘንጋት የለበትም። ሁለተኛ፣ ሕመምተኛዋ ለመድኃኒት በተመለሰች ቁጥር፣ ሰው በሌለበት፣ በጨዋ ቃል ይጠይቃት። በባሕር ማዶ የተማርናቸውን ቃላት ቃል በቃል ብንተረጉማቸው ሴቲቱ አንገቷን ትደፋለች፤ «መድኃኒቱን ከጀመሩ ወዲህ ከባለቤትዎ ጋር ያለው የመኝታ ነገር ተለውጧል ወይ?» ቢባል ግን በቂ ነው። ከሴት ባለሙያ ጋር መነጋገር ብትመርጥም ይፈቀድላት። ሦስተኛ፣ እርሷ ስትፈቅድ ብቻ ባልየው ተጠርቶ ነገሩ ይነገረው።

ችግሩ ደግሞ መፍትሔ የሌለው አይደለም። ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ሊቀንስ፣ እንደ ቡፕሮፒዮንና ሚርታዛፒን ወዳሉት ይህ ጠባይ ወደሚያንስባቸው መድኃኒቶች ሊለውጥ፣ ወይም ሕመሙ ቀላል ከሆነ በምክር ሕክምና ሊረዳ ይችላል። እውነቱን ለመናገር፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ችግሩ መድኃኒቱ ከቆመም በኋላ ሊቈይ እንደሚችል የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሳውቋልና ይህም ለሕመምተኛዋ ሊነገራት ይገባል። ይሁን እንጂ ክኒኑን በገዛ ፈቃድ በድንገት መተው አይገባም፤ ማዞርን፣ እንቅልፍ ማጣትንና የሕመሙን መመለስ ያስከትላል። በለሚ ኩራ የሚኖሩ ሁሉ በአቅራቢያቸው ባለው ጤና ጣቢያ፣ ወይም በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ሊጠይቁ ይችላሉ።

በመጨረሻ ለመምህራንና ለተማሩ ወገኖቻችን አንድ አደራ አለን። እናንተ በየሰፈሩ ለሽምግልና የምትጠሩ፣ ቃላችሁም የሚሰማ ናችሁ። ባልና ሚስት ተጣልተው ከፊታችሁ ሲቀርቡ፣ ሕመምና መድኃኒት መኖሩን ለብቻ ለብቻ፣ ምሥጢሩንም ጠብቃችሁ ጠይቁ፤ ካለም ከፍርዳችሁ አስቀድሞ ወደ ሐኪም ስደዷቸው። በክኒን የቀዘቀዘ መኝታ በክህደት ተቈጥሮ ቤት እንዳይፈርስ፣ ልጆችም እንዳይበተኑ፣ የሁላችንም ኀላፊነት መሆኑን በትሕትና እናሳስባለን።