ከወንበሩ ልብስ በታች

ጎባጣዋን ቮልስ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ታላቅ ቤተሰብ የምትጭነዋ ዘመዷ ኮምቢ ግን ዛሬ ዛሬ ብርቅ ሆናለች። ያላቸው ሰዎች ግን አይሸጧትም። ቀለሟን ያድሳሉ፣ ሞተሯን ያስፈትሻሉ፣ በመጨረሻም ወንበሯን ያስለብሳሉ። የዚህ ወር ወጋችን ስለዚህ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው እንደ ቀላል የሚያየው፣ ገንዘብም የሚባክንበት እሱ ነው።

የኮምቢ መነሻ አንድ የደብተር ገጽ ነው። ሆላንዳዊው መኪና አስመጪ ቤን ፖን እ.ኤ.አ. በ1947 በማስታወሻው ላይ ሣጥን የመሰለ መኪና ጫር ጫር አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1950 ቮልፍስቡርግ በሚገኘው ፋብሪካ ማምረት ተጀመረ። በዓመቱ ቬስትፋሊያ የተባለው የጀርመን ድርጅት ውስጧን ለሽርሽር የሚያመች የዕቃና የመኝታ መሣሪያ አዘጋጀላት። ቀን ወንበር፣ ማታ አልጋ የሚሆነው የኋላ መቀመጫ ዝነኛ ያደረጋት ከዚያ ወዲህ ነው። በብራዚል ምርቷ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ነው። እንግዲህ ዛሬ በእጃችን ያሉት አብዛኞቹ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አላቸው፤ ወንበራቸውም እንዲሁ።

በሰፈራችን አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ልጆቻቸውን ላንጋኖ ያመላለሱባት ኮምቢ እስካሁን ግቢያቸው ቆማለች። ዘንድሮ ልጃቸው ከነልጆቿ ከውጭ ልትመጣ ስትል ወንበሩን ለማደስ ተነሡ። ልጅቱ በስልክ «አባዬ፣ ንጹሕ ቆዳ ይሁንልህ፤ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ» አለች። ባለቤታቸው ደግሞ «ያ የቼክ ጨርቅ ነበር የሚያምርባት» አሉ። ክርክሩ ስለ ልብሱ ብቻ ነበር። ወንበር ሰፊው ግን መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አየና «ጋሼ፣ መጀመሪያ ይፈታ። ከልብሱ በታች ያለውን ሳላይ ዋጋ አልናገርም» አላቸው።

እንዲህ የሚል ባለሙያ ካገኛችሁ አትልቀቁት። ወንበሩ ሲፈታ የቤተሰቡ ዘመን ተራ በተራ ወጣ። ከላይ የጨርቅ ልብስ፣ ከሥሩ ቡናማ ፕላስቲክ ቆዳ፣ ከዚያ በታች የፋብሪካው ግራጫ ልብስ። ከሱ ሥር የነበረው የጭረት ንጣፍ ሲነኩት እንደ በሶ ይበናል። በዚያ ዘመን የቮልስዋገን ወንበሮች የሚሞሉት በስፖንጅ ሳይሆን ከፈረስ ፀጉርና ከኮኮናት ጭረት በተሠራ፣ ጎማ በተረጨበት ንጣፍ ነበር፤ ሲያረጅ ይደርቅና ይፈረፈራል። ከንጣፉ በታች ሁለት ሞላ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። ከሁሉም በታች ያለው ጣውላ ደግሞ እርጥብ ነው። ውኃው የመጣው ከመስኮቱ ነበር፤ የመስታወቱ ጎማ ደርቆ ክረምት በገባ ቁጥር ያስገባል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ጎማው ሳይቀየር አዲስ ልብስ ቢለብስ ኖሮ በሁለት ክረምት ሻጋታ ይሸት ነበር። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይኸውላችሁ።

መጀመሪያ ፎቶ አንሡ። እያንዳንዱ ክፍል ሲፈታ፣ የሽቦ ቀለበቶቹ የት እንደተያዙ፣ ስፌቱ በየት እንደሚያልፍ በስልካችሁ ይቀመጥ። ብሎኖቹን በየፌስታሉ ለይታችሁ ጻፉበት።

ሁለተኛ ውኃ የሚገባበትን ዝጉ። የመስኮትና የበር ጎማዎችን፣ የጣሪያውን ስፌት በቧንቧ ውኃ ፈትሹ። ወለሉ ዝገት ካለው በዚህ ጊዜ ይጠረግ፣ ይበየድ፣ ፀረ ዝገት ይቀባ።

ሦስተኛ አጥንቱን ጠግኑ። የተሰበረ ሞላ ይቀየር፤ ብረቱ ይፋቅና ይቀባ። በሞላውና በስፖንጁ መካከል ወፍራም የጆንያ ጨርቅ ይግባ። ይህ ካልገባ ሞላው ስፖንጁን እንደ መጋዝ እየበላ በጥቂት ጊዜ ይጨርሰዋል።

አራተኛ ስፖንጁን በክብደቱ ግዙ። ለመቀመጫ የሚሆነው አንድ ሜትር ኪዩቡ ከ30 እስከ 35 ኪሎ የሚመዝን ነው፤ ከዚያ የቀለለው ቶሎ ይጎደጉዳል። አልጋ የሚሆን ወንበር ከሆነ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያስፈልገዋል። ለመደገፊያው ለስለስ ያለ ይበቃል።

አምስተኛ አሮጌውን ልብስ አትጣሉ። ስፌቱ ሲተረተር ለአዲሱ ልክ የሚሆነው እሱ ነው። በየዙሪያው ለስፌት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይተውለት። ቼክ ወይም መስመር ያለው ጨርቅ ከመረጣችሁ መስመሮቹ ከወንበር ወደ ወንበር እንዲገጥሙ ተጨማሪ ጨርቅ ይበላል፤ ስለዚህ ሜትሩን የሚቆርጠው ባለሙያው እንጂ ሻጩ አይሁን።

ልብሱን የምንመርጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከመርካቶ ከምትገዙት ጥቅል ቁራጭ ናሙና ጠይቁና ቤት ውሰዱት። ቡና አፍሱበትና እጠቡት፤ አንድ ሳምንት ፀሐይ ላይ ስቀሉት፤ በሁለት እጅ ጎትታችሁ ልቅ ማለቱን እዩ። ፕላስቲክ ቆዳ በጨርቅ ይወለወላል፣ ልጅ ጭማቂ ቢደፋበት አያሳስብም። ሐይቅ ዳር ፀሐይ ላይ ሲቆም ግን የልጅ ጭን ይለበልባል፣ ሰው ሲተኛበትም ያልባል። እውነተኛ ቆዳ ያምራል፤ ነገር ግን ውድ ነው፣ ቅባት ካላገኘም ይሰነጠቃል። ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ለመተኛት ይመቻል፤ ዚፕ ከተደረገለት ወጥቶ ይታጠባል። ብዙ ባለሙያዎች የሚያደርጉት ሁለቱን ማቀላቀል ነው፦ መቀመጫው ጨርቅ፣ ጎኑና እግር የሚነካው ታችኛው ክፍል ፕላስቲክ ቆዳ።

ወደ መምህሩ ቤት እንመለስ። ስፖንጁ ተገዝቶ፣ የቆዳው ዋጋ ተነግሮ ሳለ ልጃቸው ደወለችና ማንም ያላነሣውን ጠየቀች። «አባዬ፣ ልጆቹ ኋላ ሲቀመጡ በምን ይታሰራሉ?»

የኋላ ወንበር ቀበቶ አልነበረውም። «እናንተስ ያለ ቀበቶ አይደል ያደጋችሁት?» አሉ መምህሩ።

«አድገናል። ዕድለኞች ስለነበርን ነው» አለች።

ስልኩ ላይ ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። ለአባት ይህ ቀላል ቃል አይደለም፤ ልጆቹን በፍቅር ያሳደገ ሰው በዕድል ነው ያሳደግኸን ሲባል ያመዋል። በማግስቱ ግን ወንበር ሰፊውን ጠርተው «ቆዳው ይቅር፤ ገንዘቡ ለቀበቶ ይሁን» አሉት። እሱም ሥራው የእሱ እንዳልሆነ ነግሯቸው ወደ አንድ የታመነ ጋራዥ ላካቸው። ትክክል ነበር። ቀበቶ በወንበሩ ጣውላ ላይ አይታሰርም። በመኪናው አካል ላይ፣ በተጠናከረ ብረት፣ ለዚህ በተሠራ ብሎን መያዝ አለበት። አለዚያ በግጭት ጊዜ ልጁም ወንበሩም አብረው ይወረወራሉ። ወደ ጎን የሚያዩ ወንበሮች በጉዞ ላይ ለልጅ አይሆኑም። አልጋውም የሚዘረጋው መኪናዋ ከቆመች በኋላ ብቻ ነው፤ «ትንሽ ይተኛ» ብሎ በመንገድ ላይ ልጅ ማጋደም የለም።

ቮልስ ላላችሁም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ሞላው ሲረግብ ወይም ከባድ ሰው ሲቀመጥ ብረቱ የባትሪውን ጫፍ ሊነካና ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል፤ ደረቁ የጭረት ንጣፍ ደግሞ እንደ ጭድ ይቀጣጠላል። ወንበሩን ስታስለብሱ ባትሪው ክዳን እንዲኖረው፣ ሞላውም ከፍ ብሎ በጆንያ እንዲሸፈን አደራ በሉ። ሥራው እስኪያልቅም የባትሪው ገመድ ይነቀል።

የመምህሩ ኮምቢ በመጨረሻ ጥቁር ግራጫና ቀይ ቼክ ለበሰች፤ ባለቤታቸው አሸነፉ ማለት ነው። ከፋብሪካው አሮጌ ልብስ ደህናውን ቁራጭ አስቀርተው ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ የካርታ ኪስ አሰፉበት። ኋላ ሦስት ቀበቶ ተገጥሟል።

እናንተም ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ወንበር ሰፊውን አራት ነገር ጠይቁት፦ ሳይፈታ ዋጋ ይናገራል ወይ? ስፖንጁ ስንት ኪሎ ነው? በሞላው ላይ ምን ያነጥፋል? ስፌቱ ቢተረተር እስከ መቼ ያርማል? ለአራቱም መልስ ካለው የጨርቁን ቀለም ቤት ውስጥ ተከራከሩበት። እሱ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።