ሳይንሱ የእንግሊዝኛ መለማመጃ አይሁን

በወልድያና በመርሳ ሂሳብና ሳይንስን በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በወላጅ ዘንድ የተሻለ ነው። ልጁ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሳይንሱንም ቋንቋውንም ይይዛል ይባላል። እኔ ግን ሁለቱንም ያጣል እላለሁ።

የዚያው አካባቢ የሐራ ልጅ ማሽላ እንዴት እንደሚበቅል፣ ዝናብ ሲቀር ቅጠሉ እንዴት እንደሚጠቀለል እያየ ያደገ ነው። ለምን እንደሆነ በአማርኛ ብትጠይቁት ይገምታል፣ ይከራከራል። ይኸው ትምህርት በእንግሊዝኛ ሲሆን ግን ዝም ይላል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ማስታወሻ ይጽፋል፤ ልጁ ገልብጦ ለፈተና ይሸመድዳል። መምህሩም በቋንቋው እንደልቡ ስለማይናገር ከመጽሐፉ ዐረፍተ ነገር ፈቀቅ አይልም። በዚህ እሱን አልወቅስም፤ ያልሰለጠነበት ሥራ ተጭኖበታል።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ራሱን ችሎ እንዲሰጥ ወስኖ ነበር። በአማራ ክልል ግን ሂሳብና ሳይንስ ለዓመታት ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞሩ ኖረዋል። በአውሮፓውያኑ 2006 ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ ከካትሊን ሂውና ከካሮል ቤንሰን ጋር ለትምህርት ሚኒስቴር ባካሄዱት ጥናት፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት በሂሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው ታይቷል። ከኛ እጅግ የበለጠ ሀብት ያላት ማሌዥያም በዚያው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2003 ሁለቱን ትምህርቶች ከመጀመሪያ ደረጃ ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ አዙራ፣ በ2009 ውሳኔዋን እንደምትሽር አስታወቀች።

የወላጁ ስጋት ግን እውነተኛ ነው። ሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም እንደዚያው። ስለዚህ እንግሊዝኛ ይጠንክር፤ የሳይንሱና የቋንቋው ቅንጅትም ይኑር፣ አቅጣጫው ግን ይገልበጥ። ልጁ ስለ ዘር አበቃቀል ወይም ስለ መርሳ ብርቱካን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ በአማርኛ ተምሮ ይግባው። ከዚያ የእንግሊዝኛው መምህር ያንኑ ጉዳይ ተቀብሎ ያናግረው፣ ያጽፈው። ሐሳቡ አስቀድሞ የገባው ልጅ የሚቀረው ቃሉን መያዝ ብቻ ነው። ይህ የሁለቱን መምህራን ምክክር ይጠይቃል፤ ሳምንታዊ ዕቅዳቸውን አብረው ቢያወጡ በቂ ነው።

የክልሉ ትምህርት ቢሮ ሂሳብና ሳይንስን በሁሉም ትምህርት ቤት፣ በግሉም ጭምር፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአማርኛ ያድርግ፤ የሥልጠና ገንዘቡንም በቅድሚያ ለእንግሊዝኛ መምህራን ያውል።